በተሳሳተ ገላጭ ጽሑፍ የሚቀርብ የእንስሳት መኖና የመንግሥት ቁጥጥር፦ ከሦስት ክስተቶች የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

የተፈጨና የተቀላቀለ መኖ ገዥው በስሜት ሕዋሳቱ ሊመረምረው የማይችል ሸቀጥ ነው። ድርቆሽ ወይም ጭድ የሚገዛ አርቢ ሻጋታውን በዓይኑ ያያል፣ ሽታውን ይለያል፣ እርጥበቱንም በእጁ ዳስሶ ይገምታል። በአንድ ጆንያ የተመጣጠነ መኖ ውስጥ ግን ስንት በመቶ ፕሮቲን እንዳለ፣ ፕሮቲኑ ከምን እንደተገኘ፣ የማዕድኑ መጠን ምን ያህል እንደሆነና የማይገባ ነገር ተቀላቅሎበት እንደሆነ በጆንያው ላይ ካለው ጽሑፍ በቀር የሚነግረው የለም። በዚህ ምክንያት ገላጭ ጽሑፉ ከማስታወቂያነት አልፎ ሻጩ ለገዥው የሚገባው ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚጎዳው የገዥው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ላሚቱ፣ ወተቷና ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ጭምር ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ይህ ጽሑፍ በተሳሳተ ገላጭ ጽሑፍ የቀረበ መኖ ያስከተላቸውን ሦስት የታወቁ ክስተቶች ይመረምራል። ክስተቶቹ በዋናነት ከአሜሪካ የተወሰዱ ናቸው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ያለው የቁጥጥር ሂደት በሰፊው ተመዝግቦ ይገኛል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የቁጥጥር ሥርዓት ጥንካሬ የሚለካው ጥፋት ከደረሰ በኋላ በሚጥለው ቅጣት ክብደት ሳይሆን፣ ገላጭ ጽሑፉ የያዘውን ቃል እንስሳው መኖውን ከመብላቱ በፊት ለመፈተን ባለው አቅም ነው። በመጨረሻም ይህ ድምዳሜ ለኢትዮጵያ የመኖ ገበያ ያለው ትርጉም በአጭሩ ይታያል።

ሕጋዊው መሠረት

እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የመዋቢያ ሕግ «ምግብ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ሰውም ሆነ ሌሎች እንስሳት የሚመገቡትን አንድ ላይ አካቷል። ስለዚህ የዶሮ መኖ በሕጉ ፊት እንደ ዳቦ ሁሉ ምግብ ነው። ሕጉ ሁለት ዓይነት ጥፋቶችን ይለያል። የመጀመሪያው ጎጂ ወይም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ ለገበያ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ገላጭ ጽሑፉ በማናቸውም ረገድ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የሆነ ምግብ ማቅረብ ነው። ሁለቱ ጥፋቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ ጎጂ ነገር የተቀላቀለበት መኖ ይህንኑ በጆንያው ላይ ጽፎ የሚሸጥ የለምና።

ለመንግሥት የተሰጡት ዋና ዋና መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፦ ሸቀጡን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ፣ አምራቹ ሥራውን እንዲያቆም ወይም እንዲያስተካክል የእግድ ትእዛዝ ማስወጣት እና የወንጀል ክስ መመሥረት። የወንጀል ክሱ ልዩ ባሕርይ አለው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 በዶተርዊች፣ በ1975 ደግሞ በፓርክ መዝገብ እንደወሰነው፣ ለቀላሉ የጥፋት ደረጃ የማታለል ሐሳብ መኖሩን ማስረዳት አያስፈልግም። ጥፋቱን ለመከላከል ሥልጣን የነበረው የሥራ ኃላፊ «አላወቅሁም» በማለት ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም። ከባዱ ቅጣት የሚጠብቀው ግን የማታለል ሐሳብ ያለውን አድራጊ ነው።

የዕለት ተዕለቱ ቁጥጥር በአብዛኛው የሚከናወነው በግዛቶች ነው። የግዛቶቹን የመኖ ተቆጣጣሪዎች የሚያሰባስበውና እ.ኤ.አ. በ1909 የተመሠረተው ማኅበር ያዘጋጀው የሕግ ሞዴል ለብዙዎቹ መነሻ ሆኗል። በዚህ ሞዴል መሠረት ጆንያው የመኖውን ስም፣ ለየትኛው እንስሳ እንደተዘጋጀ፣ ዋስትና የተሰጠበትን የንጥረ ነገር መጠን፣ የተቀላቀሉትን ነገሮች ዝርዝር፣ የአመጋገብ መመሪያና ማስጠንቀቂያ፣ የአምራቹን ስምና አድራሻ እንዲሁም የተጣራ ክብደቱን መግለጽ አለበት። ተቆጣጣሪው ከመደብር ወይም ከፋብሪካ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል፤ ውጤቱ ከጽሑፉ ጋር ካልተስማማ ሽያጩ እንዲቆም ያዛል። ይህ ሽያጭን የማቆም ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ክስ ይልቅ ፈጣንና ርካሽ በመሆኑ የሥርዓቱ ዋና ምሰሶ ነው።

አንደኛ ክስተት፦ የሚሽጋን የተሳሳተ ከረጢት

በሚሽጋን ግዛት ሴንት ሉዊስ በተባለች ከተማ የሚገኝ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሁለት በጣም የተለያዩ ምርቶች ያመርት ነበር። አንደኛው «ኑትሪማስተር» የሚባል ማግኒዥየም ኦክሳይድ ሲሆን ለወተት ላሞች መኖ ይጨመራል። ሁለተኛው «ፋየርማስተር» የሚባል የፕላስቲክን ተቀጣጣይነት የሚቀንስ ኬሚካል ነው፤ ንጥረ ነገሩ ፖሊብሮሚኔትድ ባይፌኒል ወይም በአጭሩ ፒቢቢ ይባላል። ፋየርማስተር ተፈጭቶ በዱቄት መልክ በተዘጋጀ ጊዜ መልኩ ከመኖ ማዕድኑ ጋር ተመሳሰለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመባቸው ከረጢቶች እጥረት በመፈጠሩ ምርቶቹ ስማቸው በቀለም በተመታባቸው ተራ ቡናማ ከረጢቶች ተሞሉ። እያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ የሚመዝኑ ከ10 እስከ 20 የሚገመቱ የፋየርማስተር ከረጢቶችም በስሕተት በባትል ክሪክ አካባቢ ወደሚገኝ የመኖ ማቀነባበሪያ ተላኩ። በዚያም ለወተት ላሞች በተዘጋጀው ድብልቅ ውስጥ ገቡ።

በዚያው ዓመት መጸው ላይ ላሞች መኖ መብላት ቀነሱ፤ ወተታቸው አሽቆለቆለ፣ ሰኮናቸው ከልክ በላይ አደገ፣ ጽንሳቸውም ጨነገፈ። በኬሚካል ምህንድስና የሠለጠነ አንድ አርቢ መኖውን ጠርጥሮ ናሙናዎችን ወደ ልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች ላከ። አይዋ ግዛት በሚገኝ የፌዴራል መንግሥት ቤተ ሙከራ ውስጥ የጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ከተለመደው ጊዜ በላይ ሲሠራ ዘግይተው የሚወጡ እንግዳ ምልክቶች ታዩ። ምልክቶቹ የፒቢቢ መሆናቸው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1974 በሌላ የፌዴራል ቤተ ሙከራ ነው። በዚህ መካከል ወራት አልፈው ነበር፤ የማቀነባበሪያው ማሽኖች ተበክለው ለሌሎች እንስሳት የተዘጋጀውንም መኖ በክለዋል፤ ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉም ተሸጦ ተበልቷል።

ከዚህ በኋላ የመንግሥት እርምጃ ጠነከረ። ከ500 በላይ እርሻዎች ምርታቸው እንዳይወጣ ታገዱ። 30,000 ያህል የቀንድ ከብቶችና 1.5 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ተገደሉ፤ 5 ሚሊዮን ያህል እንቁላልና ከ800 ቶን በላይ መኖም ተወገደ። የሚፈቀደው የፒቢቢ መጠን በመጀመሪያ በሚሊዮን 1 እጅ ሆኖ ተወሰነ፤ በኅዳር 1974 ወደ 0.3 ወረደ፤ በ1977 ደግሞ የግዛቱ ሕግ ወደ 0.02 ዝቅ አደረገው። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል የወደቁ አርቢዎች ዕጣ ከሁሉ የከፋ ነበር። መንጋቸው የታመመባቸው፣ ነገር ግን መጠኑ ከተወሰነው ወለል በታች የሆነባቸው ሰዎች ከብቶቻቸውን የሚያስወግድላቸው ወይም ካሣ የሚያስገኝላቸው ሕጋዊ ምክንያት አጡ። ንጥረ ነገሩ በስብ ውስጥ ለረዥም ዘመን ስለሚቆይ በወቅቱ የተጋለጡ ሰዎች ጤና ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም የጥናት ርዕስ ሆኖ ቀጥሏል።

በወንጀል ረገድ የነበረው መሣሪያ ከጉዳቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በ1938ቱ ሕግ መሠረት የማታለል ሐሳብ ለሌለበት የመጀመሪያ ጥፋት የገንዘብ ቅጣቱ ጣሪያ ለአንድ ክስ 1,000 ዶላር ነበር፤ የአንድ ጥሩ ወተት ሰጪ ላም ዋጋ ቢሆን እንጂ የመንጋ ዋጋ አይደለም።

የዚህ ክስተት ዋና ትምህርት ከቅጣቱ ማነስ ይልቅ በሌላ ቦታ ይገኛል። መርማሪዎች ለወራት የደከሙት በመኖው ውስጥ የገባውን ያልታወቀ ነገር ስም ለማግኘት ነው። ይህ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ ስሙ የማይታወቅን መርዝ የሚፈልግ ቤተ ሙከራ ከሺሕ ኬሚካሎች አንዱን መምረጥ አለበት። ከዚህ የሚቀልለው ጥያቄ ግን «በከረጢቱ ውስጥ መኖር ያለበት ማግኒዥየም አለ ወይ?» የሚለው ነበር። ማግኒዥየምን መለካት የተለመደ ምርመራ ነው። የማዕድኑ ከረጢት ወደ ማቀላቀያው ከመገልበጡ በፊት አንድ ማንኪያ ናሙና ተወስዶ ቢሆን ኖሮ የመርዙ ስም ባይታወቅም የማዕድኑ አለመኖር ይታወቅ ነበር። ገላጭ ጽሑፉ የደበቀውን ከመፈለግ፣ ቃል የገባውን መፈተን ይቀልላል።

ሁለተኛ ክስተት፦ ፕሮቲን ያልሆነ «ፕሮቲን»

ይህ ትምህርት የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የሜላሚን ጉዳይ ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሐን ኬልዳል በ1883 ያስተዋወቀው ዘዴ በናሙናው ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ይለካል፤ ውጤቱ በ6.25 ተባዝቶ «ድፍድፍ ፕሮቲን» ይባላል። ስሌቱ የሚሠራው ናይትሮጂኑ ከፕሮቲን የመጣ ነው በሚል ግምት ነው። ሜላሚን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጂን በመሆኑ 100 ግራም ሜላሚን በዚህ ስሌት ከ400 ግራም በላይ ፕሮቲን መስሎ ይታያል።

ከቻይና ወደ አሜሪካ «የስንዴ ግሉተን» ተብሎ የገባውና ቢያንስ 75 በመቶ ፕሮቲን እንዳለው የተገለጸው ምርት ሲመረመር ሜላሚን የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ምርቱ በውሾችና በድመቶች ምግብ ውስጥ ገብቶ ብዙ እንስሳትን በኩላሊት ጉዳት ገደለ፤ የዚያ ምግብ ትርፍራፊም ለአሳማዎችና ለዶሮዎች መኖነት ውሏል። አስመጪው ድርጅትና ባለቤቶቹ በ2009 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትና በተሳሳተ ገላጭ ጽሑፍ የቀረበ ምግብ በማስገባት ጥፋተኛ መሆናቸውን አምነዋል።

እዚህ ላይ ገላጭ ጽሑፉ ቃል የገባው በመደበኛው ምርመራ ተፈትኖ ያልፍ ነበር፤ ማታለያው የተሠራው ምርመራውን ለማለፍ ነውና። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የሚለካው ቃሉ የቆመለትን ነገር እንጂ የነገሩን ጥላ መሆን የለበትም። በዩሪያ ረገድ ይህ አስቀድሞ ታውቋል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ስላለው በስሌቱ 287 በመቶ ያህል ድፍድፍ ፕሮቲን ይመስላል። ለሚያመሰኩ እንስሳት በልክ ሲሰጥ ይጠቅማል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይገድላል። በአሜሪካ አሠራር ፕሮቲን ካልሆነ ናይትሮጂን የተገኘው ድርሻ በገላጭ ጽሑፉ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት መስመር ተጨማሪ ጽሑፍ አንድን የማታለያ በር ትዘጋለች።

ሦስተኛ ክስተት፦ የጎደለው ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ በተጻፈው ላይ ሳይሆን ባልተጻፈው ላይ ነው። የእብድ ላም በሽታ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቀ በኋላ የበሽታው መተላለፊያ ከሚያመሰኩ እንስሳት የተዘጋጀ የሥጋና የአጥንት ዱቄት መሆኑ ተደረሰበት። በሐምሌ 1988 ዱቄቱ ለሚያመሰኩ እንስሳት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ሆኖም ክልከላው ከወጣ በኋላ ከተወለዱ ከብቶች መካከል ከ40,000 በላይ የሚሆኑት በበሽታው ተያዙ። ዱቄቱ ለአሳማና ለዶሮ መኖ መዋሉ ስለቀጠለ፣ በአንድ ማቀነባበሪያ ውስጥ ከላም መኖ ጋር ይነካካ ነበር። በሙከራ እንደታየው አንድን ጥጃ ለመበከል የታመመ ከብት አንጎል 1 ግራም ይበቃል። ብሪታንያ ዱቄቱን ከእርሻ እንስሳት ሁሉ መኖ ያስወጣችው በ1996 ነው።

አሜሪካ ተመሳሳይ ክልከላ በነሐሴ 1997 ስታጸና፣ የተከለከለው ፕሮቲን ያለበት መኖ «ለከብቶች ወይም ለሌሎች የሚያመሰኩ እንስሳት አይሰጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ አዘዘች። በጥር 2002 የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያውን ያልጻፉ ድርጅቶችን በፍጥነት እንዳላስገደደ አመለከተ። ክልከላው በወረቀት ላይ ጸንቶ ሳለ ምርመራው ያልደረሰባቸው ድርጅቶች ነበሩ። በጥር 2001 በቴክሳስ በአንድ የማድለቢያ ጣቢያ የነበሩ 1,222 ከብቶች የተከለከለው ዱቄት የተቀላቀለበት መኖ መብላታቸው ሲታወቅ፣ እያንዳንዱ የበላው ቢበዛ 5.5 ግራም እንደሆነ ቢገመትም አምራቹ ከብቶቹን ገዝቶ ከሰው ምግብ አስወጣቸው። ስሕተቱን ራሱ አምራቹ ማሳወቁ የአደጋውን ስፋት ቀንሷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ስሕተቱን ፈጥኖ የሚያሳውቅ አምራችና ስሕተቱን የሚሸሽግ አምራች በአንድ ዓይን መታየት እንደሌለባቸው ነው።

የሦስቱ ንጽጽር

ሦስቱ ክስተቶች ሦስት የተለያዩ ሐሰቶችን ያሳያሉ። በሚሽጋን በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነበር። በሜላሚን ጉዳይ መጠኑ ሐሰት ነበር። በሥጋና አጥንት ዱቄት ጉዳይ ለማን እንደማይሰጥ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ ጎደለ። ለመጀመሪያው ፈውሱ ምግብና መርዝ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይሞሉ መለየትና የሚገባውን ጥሬ ዕቃ መፈተን ነው። ለሁለተኛው ፈውሱ የምርመራ ዘዴውን ማስተካከል ነው። ለሦስተኛው ደግሞ የፋብሪካውን የሥራ ቅደም ተከተልና የማሽን ጽዳት መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል፤ ከተሸጠ ጆንያ ላይ ብቻ ናሙና መውሰድ አይበቃም።

የአሜሪካ ሕግ ወደዚህ ያዘነበለው ዘግይቶ ነው። በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ለተቆጣጣሪው አደገኛ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ የማዘዝ ሥልጣን ሰጠ፤ በ2015 የወጣው ደንብም መኖ አምራቾች አደጋውን አስቀድመው ተንትነው የመከላከያ ዕቅድ እንዲይዙ አስገደደ። በሚሽጋን ከብቶቹ ከተቀበሩ አራት አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የመኖ ቁጥጥር ሕጋዊ መሠረት የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ሲሆን፣ የቁጥጥሩ ሥራ ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ይገኛል። ይሁን እንጂ ብዙው የወተት ላም አርቢ የሚገዛው ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣ ፋጉሎና ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣ ፉርሽካ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ምንም ዓይነት ጽሑፍ በሌለው ጆንያ ተመዝኖ ይሸጣል። ያልተጻፈ ነገር ሐሰት ነው ተብሎ አይከሰስም። ስለዚህ በተሳሳተ ጽሑፍ ላይ ከሚወሰድ እርምጃ በፊት የሚቀድመው ጽሑፉ እንዲኖር ማድረግ ነው።

የጉዳዩን ክብደት የሚያሳየው ለአዲስ አበባ ወተት በሚያቀርቡ አካባቢዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነው። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን ኤም 1 ነበራቸው፤ 29ኙ አሜሪካ ለወተት ከፈቀደችው በሊትር 0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበሩ። ከ156 የመኖ ናሙናዎች ውስጥ የብክለቱ መጠን በኪሎግራም ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ደርሷል፤ ለብክለቱ ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘውም የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሚቱ በመኖዋ ውስጥ ያለውን አፍላቶክሲን ቢ 1 ወደ ኤም 1 ለውጣ በወተቷ ታወጣለች፤ ወተቱን ማፍላትም መርዙን አያጠፋውም።

ይህ ሁኔታ ከሦስቱ ክስተቶች ይበልጥ የሚመስለው ሦስተኛውን ነው፦ የጎደለው ማስጠንቀቂያ ነው። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ለወተት ላም መኖ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን መጠን በኪሎግራም 20 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በመጨረሻው የማድለብ ደረጃ ላይ ላሉ ከብቶች በቆሎ ግን እስከ 300 ይፈቅዳል። ማለትም አንድ ጭነት ለወተት ላም መርዝ፣ ለሚደልብ በሬ ግን ተቀባይነት ያለው ሊሆን ይችላል። የተበከለ ፋጉሎን ሁሉ ወርሶ ማቃጠል መጭመቂያዎቹን ያከስራል፤ የመኖ ዋጋን ያንራል፤ ንግዱንም ተቆጣጣሪ ወደማይደርስበት ጓሮ ይገፋዋል። በአንጻሩ መጠኑ ተለክቶ «ለወተት ላም አይሰጥ» የሚል ግልጽ ጽሑፍ የተለጠፈበት ጆንያ ጉዳቱን በመጠነኛ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ከዚህ በላይ የተበከለው ብቻ ከእንስሳት መኖነት ሙሉ በሙሉ ይወገድ።

ለዚህም ሦስት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጆንያ የመጭመቂያውን ስም፣ የተመረተበትን ቀንና ለየትኛው እንስሳ እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ እንዲይዝ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ናሙና ከሸማቹ ጓሮ ሳይሆን ከመጭመቂያው መውሰድ። አፍላቶክሲን በክምሩ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ናሙናው ከብዙ ጆንያዎች ተውጣጥቶ መቀላቀል አለበት፤ ከዚያም ተከፍሎ አንዱ ድርሻ ለባለንብረቱ ቢሰጥ ውጤቱን የሚቃወምበት ማስረጃ ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ እርምጃውን በደረጃ ማድረግ፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ሽያጭን ማገድ፣ በመጨረሻም ሐሰቱን እያወቀ የሚደጋግመውን ሻጭ መክሰስ።

ማጠቃለያ

የሚሽጋን አርቢዎች የከሰሩት ሕግ ስላልነበረ አይደለም። ሕጉ ከ1938 ጀምሮ ነበረ፤ የጎደለው ከረጢቱ ከመከፈቱ በፊት ጽሑፉን ከይዘቱ ጋር የሚያስተያይ እጅ ነበር። የሜላሚኑ ጉዳይ ያ እጅ የሚጠቀምበት መለኪያ ትክክለኛ መሆን እንዳለበት አስተማረ፤ የሥጋና አጥንት ዱቄቱ ጉዳይ ደግሞ ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንደ ሐሰት ጽሑፍ ሁሉ እንደሚጎዳ አሳየ። የኢትዮጵያ የቁጥጥር ሥርዓት እነዚህን ስሕተቶች አንድ በአንድ መድገም አይገደድም። በእያንዳንዱ የፋጉሎ ጆንያ ላይ የሚነበብ ቃል እንዲኖርና ያ ቃል በመጭመቂያው በር ላይ እንዲፈተን ካደረገ፣ ወተቱ ከቤት ከመግባቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ ጠጪውን ሊጠብቅ ይችላል።